የአሮጌ ፒካፕ አካል በግቢ ውስጥ ሲታደስ

የአሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ዝገት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከማይታየው ጎን ነው። ጭቃ የሚያዝበት የፓራፋንጎ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የበሩ ሥርና የካሶኒው ወለል ቀድመው ይበላሉ። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ክረምቱ ብርቱ ስለሆነ ሥራው ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር ይሻላል፤ የተፋቀ ብረት እርጥበት ካገኘው በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል።

ቀለሙና የቀድሞው ስቱኮ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቃል። በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚበሳ ላሜራ ተቆርጦ ይወጣል። ቀዳዳውን በስቱኮ መድፈን ጥገና ሳይሆን ገዢን ማታለል ነው፤ ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ዝገቱም ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል።

ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀላል፣ የነዳጅ ታንኩ ቅርብ ከሆነም ይወርዳል። አዲሱ ላሜራ በአንድ መስመር አይበየድም፤ ቀጭን ብረት በሙቀት ስለሚጣመም ቦታ እየተቀያየረ፣ እየቀዘቀዘ፣ በነጥብ በነጥብ ይያዛል። ከዚያ አንቲሩጂኒ፣ ስስ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይከተላሉ። ቀለም የሚረጨው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በመተንፈሻ ጭንብል ነው።

የሻንሲ ቁጥር የተመታበት ቦታ ግን አይፋቅም፣ አይበየድም፤ በሊብሬው ላይ ካለው ቁጥር ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።