ዘሯ ነው ብዬ ነበር

በከተማችን ስም «አረርቲ» የተባለ፣ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነጭ ሽምብራ አለ። አንድ ዓመት አባቴ ከአንድ ጆንያ ቀንሶ ሁለት ማሳ ላይ ዘራው። ጠፈፍ ባለው ማሳ አምሮበት ፍሬ ያዘ፤ ውሃ በቋጠረው መረሬ ላይ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለ፣ የበሰበሰውን ሥር በጣቱ አሸት አደረገና «ዘሩ ምን በደለ፣ ውሃውን ሳናጠነፍፍለት ቀርተን እንጂ» አለኝ።

ስለ ሰው ሲነሳ ግን ያው አባቴ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከጎጃም መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ነች። ስጠይቃት አትመልስም፣ ቀና ብላም አታይም። ዓይን አፋር ናት፣ ተፈጥሮዋ ነው ብዬ ተውኳት። አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። በወንበሮቹ መካከል ስታልፍ አንድ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ማበጡን፣ ቆዳውም መሻከሩን አየሁ። በመንገዷ ላይ የነበሩት ልጆች እግራቸውን ሰበሰቡ።

አክስቷን ባነጋግራት «እናቷም አያቷም እንዲሁ ነበሩ፣ የዘር ነው» አለችኝ።

በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ እኛ ዝሆኔ ከምንላቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። ይህኛውን ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ መነሻው በባዶ እግር የሚረገጥ፣ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ አፈር መሆኑን አሳየ። ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ይገባና የእግርን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣል፣ ይደፍናል። ታዲያ ያንኑ አፈር የሚረግጥ ጎረቤት ለምን ይተርፋል? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የወላይታ ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ልዩነቱን ዘረመል ውስጥ አገኙት፤ ሰውነት ባዕዱን ነገር ከራሱ በሚለይባቸው ዘረመሎች አካባቢ።

እንግዲህ አክስቷ የያዘችው ግማሹን እውነት ነው። ተጋላጭነቱ በቤተሰቡ አለ፤ አፈሩን ካልነካ ግን በሽታ አይሆንም። እናትና አያት ለዚህች ልጅ ዘረመል ብቻ አላወረሷትም፤ ያንኑ ማሳና ያንኑ ባዶ እግርም አውርሰዋታል።

ዓይን አፋርነቷስ? እናቷ ከሰርግና ከማኅበር ስትገለል እያየች ያደገች ልጅ፣ የኋላ ወንበርን ከቤቷ ተምራ ነው የመጣችው። እኔ ይህን ተፈጥሮ አልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቁመትንም የዘር እንላለን፤ በብዛትም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወረደ። በሃያ ዓመት የሕዝብ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ልጆቹ ያደጉበት ኑሮ ነው። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያሉት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር።

ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የታዘዘላት ቀላል ነው፤ እግሯን በየቀኑ በሳሙና ታጥባ፣ ዘፍዝፋ፣ ቅባት ተቀብታ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናትም ይህን የመሰለ እንክብካቤ እግር እየተቆጣ ታማሚውን የሚያስተኛበትን ቀን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ዓመቱ ሳያልቅ እብጠቱ ጎደለ፤ እሷም ሁለተኛው ረድፍ ላይ መቀመጥ ጀመረች።

ቀይ አፈር ባለበት አገር ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ገና ድክ ድክ ሲል ጫማ አድርጉለት። ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጃችሁ ሚስት ላምጣ ቢላችሁም አትከልክሉት።