ልቀት፣ ክምችትና ልኬት፦ ስለ አየር በካዮች አሰያየም

ነዳጅ ሲቃጠል ስለሚወጡ የአየር በካዮች የሚተረጉም ሰው በመጀመሪያ የሚሰናከለው «ጢስ» ወይም «ጭስ» በሚለው ቃል ነው። ጢስ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ሰው ይገድላል። «ጢስ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ጢስ ካልታየ አደጋ የለም የሚል ሐሳብ ሳያስበው ለአንባቢው ያስተላልፋል። ስለዚህ ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «ልቀት» የሚለውን እንመርጣለን።

ቃሉ ከ«ለቀቀ» የወጣ ነው። ከ«በከለ» «ብክለት» እንደሚገኝ ሁሉ «ልቅቀት» ሊባል የሚገባው፣ ሁለቱ ድምፆች ተዋሕደው «ቀ» ጠብቆ ይነበባል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ከ«ላቀ» ከሚወጣው «ልቀት» ጋር በጽሑፍ አንድ ይሆናል፤ ለዚያኛው «ልህቀት» ቢጻፍ ችግሩ ይቃለላል። «በካይ» ከ«ገደለ» እንደሚወጣው «ገዳይ» በሥርዓቱ የተገኘ ነው፤ «ብክለት»ም በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ርእስ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ምትክ መፈለግ አያሻም።

ልቀት ከክምችት ይለያል። ልቀት ከምንጩ የወጣው መጠን ነው፤ ለተሽከርካሪ በኪሎ ሜትር ስንት ግራም ተብሎ ይነገራል። ክምችት ደግሞ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የሚገኘው ሲሆን፣ በሜትር ኩብ ስንት ማይክሮግራም ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ተለካ» የሚለው ግሥ ነው። የአንድን አገር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በጠቅላላው በመሣሪያ የለካ የለም፤ የተቃጠለው ነዳጅ በ«ልቀት ማባዣ» ተባዝቶ ይገኛል። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። (ከነዳጁ ክብደት መብለጡ ከአየር የሚጨመረው ኦክስጅን ስላለ ነው፤ አራሚዎች ቁጥሩን ባይነኩት መልካም ነው።) ይህ ስሌት እንጂ ልኬት አይደለም። የነዳጁ ካርቦን ስለሚታወቅ ስሌቱ ይታመናል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ግን በሞተሩ ሙቀት፣ በማጣሪያውና በአነዳዱ ስለሚለዋወጡ ማባዣው ራሱ ከልኬት መምጣት አለበት።

ልኬቱስ የት ተደረገ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ አንዳንድ የቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖች የፈተናን ጊዜ የሚለይ ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ነበር፤ በመንገድ ላይ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀታቸው ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። እንግዲህ «የቤተ ሙከራ ልኬት» በሚለው ሐረግ ውስጥ «የቤተ ሙከራ» የሚለውን እንደ ትርፍ ቃል የሚያስቀር ተርጓሚ ዋናውን ነገር አስቀረ ማለት ነው። ከ2017 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች የመንገድ ላይ ፈተናን ግዴታ አድርጓል። በመኪናው ላይ ተጭኖ እየተጓዘ የሚለካውን መሣሪያ «ተጓዥ የልቀት መለኪያ» ብንለው ሥራውን ይገልጻል፤ የተሻለ ያገኘ ይጠቁመን።