ራሰ ከባዱ ራኬት በጣና ዳር

የባድሜንተን ራኬት ቢመዘን ከ80 እስከ 90 ግራም ቢሞላ ነው። ተጫዋቾችን የሚያከራክራቸው ግን የግራሙ ብዛት ሳይሆን ግራሙ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ወደ እጀታው ያጋደለ አለ፣ መሀል ሰፋሪ አለ፣ ክሩ ወደተወጠረበት ራሱ የከበደም አለ። ከሁሉም ብዙ ተስፋ የሚጣልበት ይህ የመጨረሻው ነው።

ለመለየት የጣትና የሜትር ጉዳይ ነው። የራኬቱን ዘንግ አመልካች ጣት ላይ አጋድሞ፣ ወዲያም ወዲህም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ማግኘት፤ ከዚያ ከእጀታው ጫፍ እስከዚያ ያለውን መለካት። ከ295 ሚሊ ሜትር ካለፈ ራሰ ከባድ ይባላል። የራኬቱ ሙሉ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 675 ሚሊ ሜትር ነውና ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ክንድ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

በገና ጨዋታ ላይ ዱላ የወነጨፈ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ሩሯ የምትሸሸው የተቆለመመው ጫፍ ከእጅ ርቆ ስለሚመጣባት ነው። ራሰ ከባድ ራኬት የሚፈልገውም ከሜዳው ጀርባ ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ተጫዋች ነው፤ ምቱን ስማሽ ይሉታል። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሎምፒክ በነጠላ ወርቅ የወሰደው ዴንማርካዊው ቪክቶር አክሰልሰን፣ 1.94 ሜትር ቁመቱን ይዞ የተጫወተው አስትሮክስ በተባሉት የዮኔክስ ራሰ ከባድ ራኬቶች ነው። ያው ኩባንያ ናኖፍሌር የሚል ሌላ ዘር አለው፤ እሱ ራሱ የቀለለ ነው፤ መረብ ሥር ለሚፈጥንና ለሚከላከል የተሠራ።

ጉልበቱ በነፃ አይገኝም። ከባድ ራስ ለመነሣት ይዘገያል፤ ስማሽ ተመልሶ ሲመጣ ራኬቱን በቶሎ ከፍ ማድረግ ያስቸግራል። 5 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ሻትል፣ ማለትም የጨዋታውን ኳስ፣ በዋናነት የሚያበርራት የራኬቱ ራስ ፍጥነት እንጂ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አወናጨፉ ገና ያልተስተካከለ ጀማሪ ከባዱን ገዝቶ ምቱ ሊዘገይበት፣ ትከሻውና ክርኑም ሊታመም ይችላል። ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጃፓን ውስጥ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበ ስማሽ መትቷል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሰምቶ ሱቅ የሚሮጥ ብዙ ነው፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ትከሻ ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ባሕር ዳር ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። 16 ላባ የተሰካባት ሻትል ፍጥነቷን የምታጣው ደግሞ አየሩ ስለሚይዛት ነው። የሚይዛት ሲሳሳ በባሕር ዳርቻ ከተማ ሜዳ ውስጥ የምታርፈው ሻትል እዚህ የኋላውን መስመር አልፋ ትወድቃለች፤ ስማሹም ተከላካዩ ዘንድ ሲደርስ ብዙም አልደከመም። አጥቂው ከከባድ ራስ የሚጠብቀውን ከፊሉን አየሩ አስቀድሞ ሰጥቶታል፤ ጊዜ ያጠረው ተከላካዩ ነው። እናም በጣና ዳር ለሚጫወት፣ በተለይ ጥንድ ለጥንድ ከሆነ፣ መሀል ሰፋሪው ራኬት ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ብልሃት ደግሞ አለ። 85 ግራም የሚመዝንና ሚዛኑ 300 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ ራኬት እጀታ ላይ 5 ግራም መጠቅለያ ቢደረብ፣ ሚዛኑ ወደ 288 ይወርዳል። ላብ እንዲመጥ ብሎ የቆየውን ሳያወልቅ አዲስ የሚጠቀልል ሰው፣ በውድ የገዛውን ከባድ ራስ ሳያውቀው አቅልሎታል ማለት ነው። ሆን ብሎ ለሚያደርገው ግን ከሁለተኛ ራኬት ዋጋ ያድናል።

ደጅ ለሚጫወት ነፋሱ አለ። ጣና ላይ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ጧት መውጣትን የሚመርጡት ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ስለሚነሣ ነው፤ ያ ነፋስ ባለ ላባዋን ሻትል እንደፈለገ ይወስዳታል፤ ራኬት አይመልሳትም። የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለደጅ ጨዋታ ነፋስ የሚቋቋም ሻትል ያስተዋወቀው ለዚህ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ሕጉ ራሱ መለኪያ አለው። ተጫዋቹ ከኋላው መስመር ላይ ሆኖ ሻትሉን ከሥር ወደ ላይ በሙሉ ጉልበት ይመታል፤ ሻትሉ ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ መውደቅ አለበት። ሻትሎች እንደ ፍጥነታቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የተለመደው 77 እዚህ መስመሩን ካለፈ፣ ዘገምተኛው 75 ይሞከራል፤ የፕላስቲኩ ሻትል ከሆነ አረንጓዴ ቀለበት ያለው። ስለ ራኬቱ ራስ መነጋገር የሚቻለው ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው።