ምድር ቤት ያለችው የማሳጅ ክፍል

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ልጆቼን የሚወስዳቸው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ የጎኑን በር የሚያንኳኳው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። በመካከል ባለችው አንድ ሰዓት ምድር ቤቱ ይሞቃል፣ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፋል፣ የቁርሱ የሽንኩርት ሽታ እስኪወጣ መስኮት ይከፈታል። በመጨረሻም ጥፍሮቼን መብራት ላይ አያቸዋለሁ። ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ባለው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በቤታችን ምድር ቤት በአንዲት ክፍል የማሳጅ ሥራ ስሠራ ይኸው ዘጠነኛ ዓመቴ ነው።

ብዙ እህቶች ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። «ቤትሽ ሆነሽ፣ ልጆችሽን እያሳደግሽ፣ በሰዓት መቶ ዶላር! እኔስ ብጀምረው?» ይሉኛል። ጀምሩት እላለሁ። ግን ሥራው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ማሸት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አራስ በቅቤ ትታሻለች፣ ሕፃን ገላው ሲታጠብ ይታሻል፣ ወለምታ የያዘው ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። እኔም ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት በአያቴ እጅ ነው። እዚህ አገር በትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን ሌላ መንገድ አለው። «የስዊድን ማሳጅ» ይባላል፤ ስሙም ከስዊድናዊው የስፖርት መምህር ከፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839 እ.ኤ.አ.) ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ዛሬም የምንጠቀምባቸውን እንደ ኤፍሎራዥና ፔትሪሳዥ ያሉ የፈረንሳይኛ መጠሪያዎች ያስለመደው ግን የአምስተርዳሙ ሐኪም ዮሐን ጆርጅ መዝገር ነው። የመጀመሪያው በመዳፍ ረጅም አድርጎ መዳሰስ ነው፤ ሁለተኛው ጡንቻን እንደ ሊጥ ማሸት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ቢያንስ 500 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ኒው ዮርክ ላይ ቢሆን 1,000 ሰዓት ነው። ከዚያ መቶ ጥያቄ ያለው የፈቃድ ፈተና አለ። የጡንቻውን፣ የነርቩንና የደም ሥሩን ስም በእንግሊዝኛ ማጥናት ለእኔ ከባዱ ክፍል ነበር። ትንሹን ልጄን እያጠባሁ፣ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ነው ያጠናሁት።

ያ ትምህርት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን በታክሲ ሥራ ዘመናቸውን የፈጁ አባት መጡ። ወገባቸውን ካሳዩኝ በኋላ «ይህችንም ባቴን እሺልኝ፣ ልጄ፤ ሦስት ቀን ሆናት ከያዘችኝ» አሉኝ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ግራ ባታቸው ከቀኙ አብጧል፤ ስነካውም ይሞቃል። «ጋሼ፣ ዛሬ አላሽዎትም። ከዚህ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኳቸው። አዝነውብኝ ወጡ። ሆስፒታሉ ውስጥ የደም መርጋት ተገኘባቸው። በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሲታሽ ሊላቀቅና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚነዳ ሰውና ከአዲስ አበባ ረጅም በረራ አድርጎ የመጣ ሰው ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሁለቱም ወገቤን ብለው እኔ ዘንድ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ማንም ሰው አልጋው ላይ ከመተኛቱ በፊት ወረቀት ሞልቶ ያናግረኛል። የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ትኩሳት አለ? እርጉዝ ነሽ? የለውዝ አለርጂስ? አንዳንዶቹ «ማሳጅ እንጂ ምርመራ አላልኩ» ብለው ይቆጣሉ። ወጌሻ የለመደ ሰው ደግሞ ወለምታዬን ቦታው መልሺልኝ ይላል። እኔ አጥንት አልመልስም፤ ፈቃዴም አይፈቅድልኝም። የወጌሻን እጅ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በአገራችን ሆስፒታሎች ስብራት ከመጠን በላይ ተጠብቆ በመታሰሩ እግር የተቆረጠባቸው ልጆች ታሪክ ሐኪሞች የሚያውቁት ሐዘን ነው። አብጦ የሚሞቅ አዲስ ወለምታም አይታሽም፤ ያርፋል።

ስለ ስሙም መናገር አለብኝ። ማሳጅ የሚለው ቃል እዚህም አዲስ አበባም በሌላ ንግድ ተበክሏል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች» ስትል ሰምቼ አልቅሻለሁ። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም፤ የደኅንነትም ነው። የማላውቀውን ሰው ያለ አስተዋዋቂ አልቀበልም። አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ በስልክ ያናግረኛል፤ ስሙን ይነግረኛል፣ አስቀድሞ ይከፍላል። በስልክ ድምፁ ወይም ጥያቄው ካልጣመኝ ቀጠሮ የለኝም እላለሁ። ምክንያት አልደረድርም። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁልጊዜ አንሶላ ለብሶ ነው የሚተኛው፤ የሚገለጠው የምሠራበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በፈቃዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ እጅ። ሱቅ 12 ሰዓት ክፍት ሆኖ ሊውል ይችላል። እጅ አይችልም። የአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ትንሽ ነው፤ በየቀኑ ሙሉ ክብደት ከተጫነበት ይጎዳል። ከእኔ ጋር የተመረቁ ሴቶች አብዛኞቹ ሥራውን የተዉት ደንበኛ አጥተው አይደለም፤ አንጓቸውና አውራ ጣታቸው እምቢ ስላላቸው ነው። መፍትሔው በጉልበት አለመግፋት ነው። አልጋው ዝቅ ይላል፤ ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲያንጠለጥሉ ጭብጥዎ አልጋውን የሚነካበት ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ የሰውነት ክብደት ከእግር ተነሥቶ በክንድና በክርን በኩል ይወርዳል። አውራ ጣት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

እንዲህም ተጠንቅቄ በሳምንት ከ16 ሰዓት በላይ አላሽም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ቀን ሦስት ሰው፣ በሳምንት አራት ቀን፤ ሁለት ምሽት አንድ አንድ ሰው፤ ቅዳሜ ሁለት። በአንዱና በሌላው መካከል ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት አለ፤ አንሶላ ይቀየራል፣ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፣ ማስታወሻ ይጻፋል። ሰው «ለልጆችሽ ስትዪ ሥራሽን ቀነስሽ» ይለኛል። አይደለም። ልጅ ባይኖረኝም ከዚህ ብዙ አልጨምርም ነበር። ይህ ሥራ ለቤተሰብ የሚስማማው ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሳይሆን፣ የእጅ አቅም የሚያልቀው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ነው ማንም ያልነገረኝ ችግር የመጣው። ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጆቹ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ያው እጅ ነው። ሕፃን የሚያቅፈው፣ ሹሩባ የሚሠራው፣ ሊጥ የሚያቦካው፣ የደረቀ ድስት የሚፈገፍገው፣ የማሰሮ ክዳን የሚከፍተው ሁሉ በዚያው አውራ ጣት ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ክረምት ላይ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ዕረፍት አዘዘኝ። የግል ሥራ የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ስድስት ሳምንት ያለ አንድ ሳንቲም ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ የገባኝ፣ የቀጠሮ ደብተሬ ላይ መጻፍ ያለበት የደንበኛው ሰዓት ብቻ ሳይሆን የቤቱም የእጅ ሥራ መሆኑን ነው።

አንሶላው ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ለአንድ ሰው ከላይ፣ ከታች፣ ለፊት ማሳረፊያው፤ በሳምንት ወደ ሃምሳ ጨርቅ። ዘይት የነካው ጨርቅ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማድረቂያው ትኩሱን አውጥቶ ቆልሎ መተው አደገኛ ነው። ያልለቀቀ የዘይት ቅሪት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያመነጫል፤ ክምሩ ሙቀቱን ይዞ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። አያቴ የምትወደው የኑግ ዘይት በተለይ ቶሎ የሚዋሐድ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አልጠቀምበትም። ሆሆባ ይሻለኛል፤ ውድ ነው፣ ግን ቶሎ አይበላሽም። ከምድር ቤቱ በላይ ልጆች የሚተኙበት ቤት ነውና በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ግብሩን ባጭሩ ልናገር። በግል የሚሠራ ሰው ከገቢ ግብሩ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ይከፍላል፤ ከተጣራ ገቢው ላይ። መቶ ዶላሩን ስታስቡ ይህንን፣ ኢንሹራንሱንና ዘይቱን ቀንሱ። በሌላ በኩል ለሥራ ብቻ የተለየች ክፍል ካለች በቀላሉ ስሌት በስኩዌር ጫማ 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ጫማ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። 10 በ12 የሆነችው ክፍሌ 600 ዶላር ታስቀንሳለች። ሕጉ «ለሥራ ብቻ» ሲል ብቻ ማለቱ ነው፤ ልጄ የቤት ሥራዋን እዚያ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ብትወድም አልፈቅድላትም።

ለመጀመር የምታስቡ እህቶችና ወንድሞች፣ አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀመጡና የቤቱን የእጅ ሥራ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ማን ያቦካል? ማን ይፈገፍጋል? ማን አንሶላ ያጥፋል? ይህ ካልተከፋፈለ 500 ሰዓት ተምራችሁ በሦስት ዓመት ትተዉታላችሁ። በእኛ ቤት አንሶላውን ትልቁ ልጄ ያጥፋል፤ ሊጡን የሚያቦካውና እንጀራውን የሚጋግረው ባለቤቴ ነው።