በምኞትና በተጨባጩ ሁኔታ መካከል፦ ሮቦትና የላንቴ ሙዝ

የሰው ልጅ የማምረቻ መሣሪያውን እያሻሻለ ከከባድ ድካም ለመላቀቅ ያደረገው ትግል ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ምኞት በፈረስ ሲጋልብ ሥራ በእግሩ ይጓዛልና፣ የሁለቱን ርቀት አጥርቶ ማየት የእያንዳንዱ ሠራተኛና የማኅበር አባል ተግባር ነው።

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ብዙዎቻችን ተደንቀናል። በሶፍትዌሯ ሥራ በአይኮግ ላብስ የሚሠሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሳተፋቸውም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በመድረክ ላይ መናገር አንድ ነገር ሲሆን፣ ማሳ ውስጥ ገብቶ መሥራት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በመስኖ የሚለማው የላንቴ የሙዝ ማሳ ነው። አንዱ ሠራተኛ በገጀራ ሲቆርጥ ሌላው ዘለላውን በትከሻው ይቀበላል። ዓይን በቅጠል የተሸፈነውን ፍሬ መድረሱን ይለያል፤ እጅ እንዳይላላጥ ይጠነቀቃል፤ እግር በረጠበው የቦይ ዳር ሚዛኑን ይጠብቃል። ዩኒሜት የተባለው ሮቦት በአሜሪካ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። የፋብሪካ ሮቦት የተሳካለት ግን ብረቱ ዘወትር በአንድ ቦታና በአንድ መጠን ስለሚቀርብለት ነው። ሁለት የሙዝ ዘለላ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክም እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳስገነዘቡት፣ ኮምፒዩተር ዳማ እንዲጫወት ማድረግ ሲቀል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን የማየትና የመንቀሳቀስ ችሎታ እንዲኖረው ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስለሆነም ከሁለት ስህተቶች መጠበቅ ይኖርብናል። አንደኛው፣ «ሮቦት ነገ እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ብሎ ሙያን ከወዲሁ መተው ነው። ሁለተኛው፣ «መሣሪያው ሲመጣ ያሳርፈናል» እያሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሁለቱም ካልደረሰ ነገር ተነሥተው የዛሬውን ሥራ ያስፈታሉ። በአንጻሩ፣ ጉዞው ዘገምተኛ ነው ማለት ቆሟል ማለት አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በሚደጋገምበት የፋብሪካ ሥራ ለውጡ ቀድሞ ደርሷል፤ በዚያ የተሰማራ ሠራተኛ ተጨማሪ ሙያ ለመማር ሊዘገይ አይገባም።

እንግዲህ በማኅበራችን ስብሰባ የምናነሣው ጥያቄ «ሮቦት መቼ ይመጣል?» የሚል ሳይሆን፣ «ዛሬ የሠራተኛውን ትከሻ ምን ያሳርፈዋል?» የሚል ይሁን። መልሱ የተስተካከለ የማሳ መንገድ፣ ጠንካራ ጋሪ፣ የጸዳ ቦይ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን ነገ መሣሪያውን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ሠሪዎች እንዲሆኑ እናስተምር፤ እስከዚያው ግን ጋሪውን ዛሬ እንሥራ!