የቀይ አፈር ገበያና የከፍተኛ ሙያ ትምህርት

ከኮንሶ ተነሥቶ የወይጦን ቈላ አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው መንገድ ቀይ አፈር ከተማ ሲደርስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ጂንካ ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ወደ ኦሞራቴ ይወርዳል። የበና ጸማይ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በሐሙስ ገበያዋ የታወቀች ናት። በዚያን ቀን በናው፥ ጸማዩ፥ አሪውና ሐመሩ በአንድነት ተገናኝተው ማርና ቅቤ፥ ማሽላና በቈሎ፥ ከብትና ፍየል፥ ቆዳና ቅል ያቀርባሉ። ከመሐል አገር በጭነት መኪና የመጣው ጨርቅ፥ ሳሙና፥ ቆርቆሮ፥ ጀሪካንና የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ደግሞ በየሱቁ ይሸጣል።

ይህን ልውውጥ በነጋዴ ዐይን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከቀይ አፈር የሚወጣው ሸቀጥ አብዛኛው እንደ ተገኘ የሚጫን፥ የሰው ጥበብ ብዙ ያልተጨመረበት ነው። ወደ ቀይ አፈር የሚገባው ግን አብዛኛው ተሠርቶ ያለቀለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከአገሩ ወጥቶ የሚቀር ገንዘብ ነው። ለልዩነቱ ዋና ምክንያት የሆነውም የመሬቱ ድኽነት ሳይሆን የሠለጠነ እጅ ማነስ ነው። ስለዚህ የከፍተኛ ሙያ ትምህርት መስፋፋት የመምህራንና የትምህርት ሹማምንት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአስመጪው፥ የላኪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

የከፍተኛ ሙያ ትምህርት ሲባል ምን ማለት ነው?

በማናቸውም የሥራ ቦታ ሦስት ዐይነት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የታዘዘውን በጉልበቱ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዕቅድ የሚነድፍ ነው፤ ሦስተኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዕቅዱን ወደ ሥራ የሚለውጥ ባለሙያ ነው። ይህ መካከለኛው ሰው ሞተር ሲቆም የብልሽቱን ምክንያት መርምሮ ያገኛል፤ ይለካል፥ ይመዝናል፥ ሒሳቡን ይጽፋል፤ ከሥር ያሉትንም ሠራተኞች ያስተምራል። በአገራችን የሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፥ ዝቅተኞቹ ደረጃዎች አንድን የተወሰነ ሥራ ያስተምራሉ፤ እንደ 4 እና 5 ያሉት ከፍተኞቹ ደረጃዎች ግን እንደዚህ ያለውን መካከለኛ ባለሙያ ለማውጣት የታሰቡ ናቸው።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከጣልያን ወረራ በኋላ አገሪቱ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ፥ አናጢና መካኒክ ባጣችበት ጊዜ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1935 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቁመዋል። በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተከፈተ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ለቀይ አፈር ቅርብ በሆነችው በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሆነውም ይኸው ነው። ከእነዚህ ተቋሞች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ የተጀመረው ታውቆ በተለየ የሥራ ችግር ላይ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ችግሩ ታወቀ፥ ከዚያም ትምህርት ቤቱ ተሠራ ማለት ነው።

ከገበያው የተወሰዱ ሦስት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ማር ነው። በበናና በሐመር አገር ቀፎ ከዛፍ ላይ ይሰቀላል። ማሩም ሲቈረጥ ሰፈፉና እጩ ሳይለይ ተቀላቅሎ በቅል ወይም በጀሪካን ወደ ገበያ ይመጣል። ይህ ለጠጅ ጣይ ችግር የለውም፤ ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ነጋዴ ግን ትልቅ ዕንቅፋት ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በማር ውስጥ የሚገኘው ውሃ በጠቅላላው ከ20 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ውሃው የበዛ እንደ ሆነ ማሩ በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይፈላልና። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ገብታለች። ነገር ግን ፈቃድ ብቻውን ማርን አያጠራም። ውሃውን በመሣሪያ የሚለካ፥ ማሩን ከልክ በላይ ሳያሞቅ የሚያጣራ፥ ሰሙን ለይቶ አቅልጦ ለብቻው ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ባለሙያ በገበያው አጠገብ መኖር አለበት። ያን ጊዜ አንድ የነበረው ሸቀጥ ማርና ሰም ሆኖ ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ቆዳና ሌጦ ነው። የሐመርና የበና ሴቶች የፍየል ሌጦ ፍቀውና አለስልሰው በዛጎልና በዶቃ አስጊጠው የሚለብሱት ልብስ የአገሩን ጥበብ የሚያስረዳ ነው። ወደ ፋብሪካ ለመሄድ ለገበያ የሚቀርበው ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ ሲገፈፍ በቢላዋ የተበሳ፥ ጨው በጊዜው ያልተነሰነሰበት፥ ወይም በመሬት ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ የተቃጠለ ይሆናል። ከብቱ በሕይወት ሳለ ቅማልና መዥገር ያደረሱበትም ጉዳት ቆዳው ከተለፋ በኋላ ይገለጣል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ባልተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 ከመቶ የወጪ ንግድ ታክስ የጣለው ቆዳው በአገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ በማሰብ ነበር። ሆኖም በአዋጅ የፋብሪካን በር ማስከፈት ይቻል ይሆናል እንጂ የተበሳን ቆዳ መድፈን አይቻልም። ይህን የሚያሻሽለው የእንስሳት ጤና፥ የአገፋፈፍና የአጨዋወት ዕውቀት ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የእህል ወፍጮ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በቀን 8 ኩንታል የሚፈጭ ወፍጮ ቢሰበርና መካኒክ ከአርባ ምንጭ እስኪመጣ 6 ቀን ቢፈጅ፥ 48 ኩንታል እህል ሳይፈጭ ይቀራል። ጉዳቱ ግን በባለ ወፍጮው ላይ ብቻ አይቆምም። እህል ለማስፈጨት የሚመጣው ሰው በዚያው ሳሙናና ጨው ይገዛ ነበርና፥ ወደ ሌላ ገበያ ሲሄድ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል። የአንድ መካኒክ መታጣት የገበያውን ሁሉ ገቢ የሚነካው በዚህ መንገድ ነው። የውሃ ፓምፕ፥ የሞተር ብስክሌትና የፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሸጡ አስመጪዎችም የሸጡትን የሚጠግን ሰው በሌለበት አገር ለሁለተኛ ጊዜ ገዢ እንደማያገኙ የታወቀ ነው።

የተዘጋጀው በርና ያልተሞላው ክፍተት

በአሁኑ ጊዜ በጂንካ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የጂንካ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። በአገር ደረጃ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ታውጇል፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ስለዚህ ሥራው ከባዶ የሚጀመር አይደለም።

የነገሩን አስቸኳይነት ለመረዳት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት መመልከት ይበቃል። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ወጣቶች ዘጠና የሚበልጡት በአንዱ በር ካልገቡ ሌላ በር ሊከፈትላቸው ይገባል። ነገር ግን ያ ሁለተኛው በር የወደቁ ሰዎች መጠለያ ተደርጎ ከተቈጠረ ጎበዙ ወጣት አይገባበትም። ወደ ውስጥ የገባ ወጣት በሙያው እየተሻሻለ ከደረጃ ወደ ደረጃ፥ ከዚያም እስከ ዲግሪ የሚወጣበት መሰላል ሲኖር ግን በፈቃዱ መርጦት ይገባል።

ከዚህ ጋራ የቆየ አንድ መጥፎ ልማድ መታሰብ አለበት። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል፥ በአሪ ምድርም ጭምር፥ ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ሲናቁ ኖረዋል። ማረሻውን ከባለእጅ እየተቀበለ ባለእጁን የሚንቅ አገር ልጁን ወደ ተግባረ እድ በደስታ አይልክም። ንቀቱን የሚያስወግደው ስብከት ብቻ ሳይሆን የባለሙያው ገቢ መሻሻል ነው።

የትብብር ሥልጠናና የነጋዴው ድርሻ

በአገሪቱ በተተለመው የትብብር ሥልጠና ሥርዐት ሠልጣኙ ከጊዜው 70 ከመቶውን በድርጅት ውስጥ በሥራ፥ 30 ከመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ታስቧል። አሳቡ መልካም ነው፤ ፋብሪካና ትልልቅ ጋራዥ በሌለበት በቀይ አፈር ግን አንድ ድርጅት ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ነጋዴውም በበኩሉ ሁለት ሥጋት አለው። ሠልጣኙ ዕቃ ያበላሻል ብሎ ይፈራል፤ ከሠለጠነም በኋላ ትቶት ይሄዳል ወይም ተወዳዳሪ ይሆንበታል ብሎ ያስባል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ከመካኒክ መሄድ የሚመጣው ጉዳት ከመካኒክ አለመኖር ከሚመጣው ጉዳት ያነሰ መሆኑን ከላይ የተጠቀሰው የወፍጮ ምሳሌ ያስረዳል።

የሌላ አገር ልምድም መንገዱን ያሳያል። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች የሠልጣኞችን ውል እንዲመዘግቡና ፈተናውን እንዲያካሂዱ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ክፍላተ ሀገሩም እ.ኤ.አ. በ1968 ባደረጉት ስምምነት ለተግባራዊ ሥራ የሚያዘጋጁ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተመሥርተዋል። በዚያ አገር ነጋዴው የምሩቃን ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የፈተናው ዳኛም ጭምር ነው።

ለቀይ አፈርና ለጂንካ ነጋዴዎች ከዚህ የሚከተሉት አራት ተግባሮች የሚቻሉ ናቸው።

1ኛ) ጥቂት ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው አንድን ሠልጣኝ በየተራ መቀበል፤ ይኸውም ጥቂት ወራት በወፍጮ ቤት፥ ጥቂት ወራት በጋራዥ፥ ጥቂት ወራት በማር መጋዘን እንዲሠራ ማድረግ።

2ኛ) በገበያው የጎደለውን ሙያና በየጊዜው የሚሰበረውን መሣሪያ ዐይነት ጽፎ በየዓመቱ ለኮሌጁና ለዩኒቨርሲቲው ማስታወቅ፤ የትምህርቱ ዝግጅት ከዚህ መዝገብ እንዲጀምር መጠየቅ።

3ኛ) መሣሪያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከሸቀጡ ጋራ መለዋወጫና የአጠጋገን መምሪያ ለኮሌጁ እንዲሰጡ ማድረግ፤ ያለ መሣሪያ የተማረ መካኒክ ዋና እንደ ተነገረው እንጂ እንደ ዋኘ ሰው አይደለምና።

4ኛ) ለምሩቁ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ በሥራው መዝኖ ተገቢውን ደመወዝ መክፈል፥ ወይም የራሱን ሥራ ለመጀመር ሲነሣ በዱቤ ዕቃ መስጠት።

በትምህርት ተቋሞቹም በኩል የሚጠበቅ አለ። የምሩቃኑን ቍጥር ከማብዛት በፊት መምህራኑ ራሳቸው በየጊዜው ወደ ሥራ ቦታ ወጥተው ሙያቸውን እንዲያድሱ ማድረግ፥ የከብት አርቢውም ልጅ ከመንጋው ጋራ በሚንቀሳቀስበት ወራት ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ጊዜውን ማመቻቸት ይገባቸዋል። ይህ ካልሆነ በሙያ ትምህርት የሚጠቀመው ከከተማ የመጣው ብቻ ይሆናል፤ ማሩንና ከብቱን የሚያመርተው ሕዝብም እንደ ቀድሞው ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ ይቀራል።

የአንድ አገር ሀብት የሚለካው ከምድሩ በሚወጣው ብቻ ሳይሆን በወጣው ላይ በሚጨመረው ሥራ ነው። ለቀይ አፈር ማር፥ ቆዳና ከብት ተሰጥቷታል፤ መንገድም ተሠርቶላታል። የሚቀረው በእነዚህ ላይ ሥራ የሚጨምር ባለሙያ ማፍራት ነው፤ ይህም በትምህርት ቤቱና በነጋዴው ትብብር እንጂ በአንዳቸው ብቻ የሚፈጸም አይሆንም።