አጓቱ እስኪወጣ፦ ውሃ ያዘለ ሸክላ አፈር እንዴት ይሰርጋል?

አይብ በጨርቅ ቋጥሮ ከላይ ከበድ ያለ ነገር የጫነበት ሰው የሸክላ አፈርን ጠባይ ግማሹን ያውቀዋል። መጀመሪያ ጭነቱን የሚሸከመው አጓቱ ነው። አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲወጣ ግን ሸክሙ ወደ አይቡ ይዞራል፤ ቋጠሮውም እየቀጠነ ይሄዳል። ውሃ የጠገበ ሸክላ ላይ ቤት ሲሠራም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አጓቱ ለመውጣት ዓመታት መፍጀቱ ላይ ነው። መሐንዲሶች ኮንሶሊዴሽን ይሉታል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጊቤን ተሻግሮ ወደ ሰኮሩና ጅማ የሚዘልቅ መንገደኛ ሁለት ዓይነት አፈር ያያል፤ ተዳፋቱ ላይ ቀዩን፣ ሜዳው ላይ ጥቁሩን ኮትቻ። ቀዩም ሸክላ ነው፤ ግን ብረት ነክ ውህዶች ቅንጣቶቹን እንደ ፍርፋሪ ስለሚያያይዟቸው ውሃ ያሳልፋል። ጥቁሩ ውሃ በቀላሉ አይለቅም። ጅማ ከተማ አዌቱ ወንዝ የሚያልፍበት ዝቅተኛ ቦታና የቦዬ ረግረግ ዙሪያ ደግሞ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት አፈር አስመርምረው አይመስለኝም፤ ምርጫው ግን ለመሠረትም አልከፋም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሁሉም «ጥቁር አፈር ነው» ይላል። ኮትቻ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ ወደላይም ወደታችም የሚሄድ፣ በየወቅቱ የሚመላለስ ነው። ኮንሶሊዴሽን ግን የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው። መድኃኒታቸውም ይለያያል፦ ለመጀመሪያው አፈሩን ቆርጦ ማውጣት ወይም እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ መጠበቅ፣ ለሁለተኛው ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ማበጀት። ያልለየ ገንዘቡን ያባክናል።

የጉዳዩን ሂሳብ ያበጀው ካርል ቴርዛጊ ነው፤ ሙከራውን ኢስታንቡል ውስጥ ሠርቶ መጽሐፉን በ1925 እ.ኤ.አ. ቪየና አሳተመ። ዛሬም ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ከዚያ ብዙ አይርቅም። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር ቁራጭ በብረት ቀለበት ይያዛል፣ ከላይና ከታች ውሃ አሳላፊ ድንጋይ ይደረግለታል፣ ጭነቱ በየ24 ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ጊዜው በውሃው መንገድ ርዝመት ስኩዌር ማደጉ ነው። ቁራጩ በ1 ሰዓት ቢረጋ፣ ከላይና ከታች ውሃ የሚለቅ የ4 ሜትር ሸክላ 200 እጥፍ ስለሚወፍር 40,000 ሰዓት፣ ማለትም አራት ዓመት ተኩል ይፈልጋል። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ አለት ካለ አሥራ ስምንት ዓመት። ቤቱ በተመረቀ በአምስተኛው ዓመት በሩ አልገጥም ሲል ግንበኛውን መራገም ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም።

ጊዜን ማሳጠር ይቻላል። በሸክላው ውስጥ ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች ተቆፍረው አሸዋ ቢሞሉ ውሃው ሜትሮችን ሽቅብ ወይም ቁልቁል ከመጓዝ ጥቂት ወደ ጎን ይሄዳል። ወይም ሸክላው አስቀድሞ እንዲሰርግ ከሕንፃው በፊት አፈር ተከምሮበት ይቆያል። ጊዜ መስጠትም ይረዳል፦ የፒሳ ማማ በ1173 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ወደ መቶ ዓመት ገደማ መቋረጡ ሸክላው እንዲጠነክር ዕድል ሰጠው፤ በአንድ ትንፋሽ ቢሠራ ኖሮ ሳይወድቅ አይቀርም ነበር።

የቡና መጋዘን ደግሞ የራሱ ነገር አለው። 60 ኪሎ ጆንያ አሥር ድርብ ሲደረደር በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ቶን ያህል ያርፋል፤ ቡናው ሲሸጥ ይነሳል። ሸክላ የተሸከመውን ከባድ ሸክም «ያስታውሳል»፦ ጭነቱ ሲነሳ ጥቂት ቀና ቢልም የሰረገውን አይመልስም፣ በተመሳሳይ ጭነት ዳግም ሲጫን ከመጀመሪያው ያነሰ ይሰርጋል። አደጋው ጆንያው ሁሌ አንድ ግድግዳ ሥር ሲከመር ነው፤ ወለሉ ወደዚያው ያዘነብላል።

ከሰኮሩ ብዙ ሳይርቅ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባለ 184 ሜጋ ዋቱ የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ አለ። እዚያ ሸክላው የሚረጋው ከውሃ በታች ነው። ጎርፍ ያመጣው ደቃቅ ጭቃ ገና ሲተኛ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ደረቅ አፈር 400 ኪሎ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ውሃ ነው። በላዩ አዲስ ደለል ሲጫነው ውሃውን እየተፋ ይጠብቃል። ስለዚህ የግድቡን ዕድሜ የሚያሰላ ሰው ስንት ቶን አፈር እንደገባ ቢያውቅም አይበቃውም፤ ዘንድሮ የገባው ቶን ከሃያ ዓመት በኋላ የዛሬውን ያህል ቦታ አይዝም።